ቦራ ሞተሯን ያጠፋች ዕለት

ባለፈው ሳምንት ለጉልበቴ መድኃኒት ልገዛ ሶዶ አራዳ ወጥቼ አንዲት አዲስ ነጭ መኪና ፋርማሲው በር ላይ ሞተሯ እየሠራ ቆማ አገኘኋት። ሾፌሩ መስኮቱን ዘግቶ ስልኩን ይነካካል። መድኃኒቴን ገዝቼ፣ ከሻጯ ጋር ስለ ጉልበቴ አውርቼ፣ የልጆቿን ደህንነት ጠይቄ ስወጣም ያው ናት፤ የቤንዚኑ ሽታ ደጁን ሞልቶታል። እኔ ደግሞ ዝም ብሎ ማለፍ አልፈጠረብኝም። መስኮቱን አንኳኳሁ፣ ዝቅ አደረገው። «ልጄ፣ ሰው ቤት ግባ እንዳይልህ ፈርተህ ነው ሞተር የማታጠፋው?» አልኩት። ልጁ ግራ ገባው። «ኧረ እማማ፣ ኤሲው እንዳይጠፋብኝ ነው» አለኝ። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። መድኃኒቴን ይዤ መንገድ ዳር ብቻዬን ስስቅ አላፊ አግዳሚው ምን ነካት እያለ ዞሮ ያየኛል። ምን ላድርግ፣ ጋሽ አንጁሎ ትዝ አለኛ!

ጊዜው መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ነው። «ክልል» እና «ዞን» የሚሉት ቃላት ገና አፋችን ላይ አዲስ ነበሩ። ዓመቱን አትጠይቁኝ፤ እኔ የማስታውሰው ሻይ በስሙኒ ይጠጣ እንደነበር ነው፤ ያውም እስከ አፉ ተሞልቶ፣ ስኳሩ ከሥር እስኪተርፍ። ከአውቶቡስ ተራ ወረድ ብሎ አንድ የዘፈን ካሴት ሻጭና አንድ የመዝሙር ካሴት ሻጭ ድምፅ ማጉያቸውን ፊት ለፊት አዙረው ቀኑን ሙሉ ይፎካከሩ ነበር። መሀል መንገዱ ላይ የቆመ ሰው በአንድ ጆሮው ፍቅሩን፣ በአንድ ጆሮው ንስሐውን ይሰማል። ሁለቱ ነጋዴዎች ግን ምሳ የሚበሉት ከአንድ ሳህን ነበር። ሰልባጅ ተራ ደግሞ የቅዳሜ ሥራችን ነው፤ ክምሩን ስንበረብር ውለን የማን እንደነበረ የማይታወቅ የፈረንጅ ካፖርት ይዘን በኩራት እንመለሳለን። እኔ በአንዱ ቅዳሜ ያገኘሁት አረንጓዴ ሹራብ ከነቁልፎቹ እስከ ዛሬ ሣጥኔ ውስጥ አለ፤ ልጄ ጣይው ትለኛለች፣ ሞቼ እገኛለሁ። አሁን ያ የካሴት ማዕዘን የሞባይል መሸጫ ሆኗል። ሻዩም ስንት እንደገባ ባልናገር ይሻላል።

እኔ ያን ጊዜ የአንዲት ትንሽ የቤተ ክርስቲያን ክሊኒክ ነርስ ነበርኩ። ሥራዬ የገጠር ክትባት ነው፤ እኛ «አውትሪች» እንለዋለን። አንድ ቀን ገሱባ፣ አንድ ቀን ቢጠና፣ አንድ ቀን ዲምቱ፤ በረዶ የያዘውን የክትባት ሣጥን ጉልበቴ ላይ አቅፌ እየተንገጫገጭኩ እሄዳለሁ። የሚወስደን ጋሽ አንጁሎ ነበር። ጋሽ አንጁሎ ረጅም፣ ድምፀ ጎርናና፣ በዕድሜ ከአባቴ ጥቂት የሚያንስ ሰው ነው። እሑድ እሑድ ዘማሪ ነበር፣ በአዘቦት ቀን ደግሞ መሪ ይዞ ያንኑ መዝሙር ያፏጫል። መኪናችን አሮጌ ፎርዊል ነበረች። ግንባሯ ላይ ቀለሟ ለቆ ነጭ ስላለባት፣ ጋሽ አንጁሎ ግንባሩ ነጭ እንደሆነ ከብት «ቦራ» አላት። ቦራ በጋ ክረምት አትል፣ ጭቃ ገደል አትል፤ አንድ ዐመል ግን ነበራት፣ ቤንዚን ትጠጣለች። ኧረ መጠጣትም አይገልጸውም! ጠዋት የሞላነው ታንክ ማታ ባዶ ነው።

አሁን ሳስበው ምን ይገርማል? ጋሽ አንጁሎ አንድ ክረምት ቢጠና መንገድ ላይ ጭቃ ይዞት ስለነበረ፣ ከዚያ ወዲህ የፊቱን ጎማ ከሥራ አውጥቶት አያውቅም። በደረቁም፣ በጠጠሩም፣ ሶዶ መሀል ከተማም አራቱም ጎማ ይሠራል። «አራት እግር ያላት ላም በሁለት እግሯ ትሂድ?» ይላል ስጠይቀው። ጣሪያዋ ላይ ባለው ፖርቶመጋላ ደግሞ ለክፉ ቀን የሚባል ነገር ሁሉ ተጭኗል፤ ሁለት ስኮርት ጎማ፣ አካፋ፣ ሰንሰለት፣ ሳንቃ፣ የተሰበረ አልጋ። አዎ፣ አልጋ! የማን እንደነበረ እንኳ አናውቅም። ስንመለስ በዚያ ላይ የአገሩ ሰው ይጨምርበታል። በወላይታ እንግዳ ባዶ እጁን አይሸኝም። ሙዝ ከነግንጣዩ፣ ቦይና የምንለው ጎደሬ በጆንያ፣ ስኳር ድንች፣ አንዳንዴም በግ። ወስደን እኔም ክሊኒኩም ጎረቤቱም እንበላለን። ቦራ እያቃሰተች ሶዶን ስትወጣ ገበያ እንጂ ክትባት የሄድን አንመስልም።

ይህ ሁሉ ሆኖ ዋናው ነገር ሰላምታው ነው። የወላይታን ሰላምታ የማያውቅ ሰው አይፈርድብን። መንገድ ላይ ሽማግሌ ካየን እንቆማለን። «ሳሮ! ሳሮ!» ይጀመራል። እሱ ደህና ነው? ሚስቱስ? ከብቱስ? እንሰቱስ? ባለፈው ያመመው አማቹስ? እዚህ ላይ ጋሽ አንጁሎ መስኮቱ ላይ ክንዱን አስደግፎ ሁሉንም በዝርዝር ይጠይቃል፣ እሱም በዝርዝር ይጠየቃል፤ ቦራ ደግሞ ሞተሯን እያንጎራጎረች ትጠብቃለች። ገሱባ እስክንደርስ ከአሥር ሰው በላይ ሰላም እንላለን። ሞተር አናጠፋም። አጥፍተን አናውቅም።

ታዲያ አንድ ቀን የክሊኒኩ ኃላፊ ጠርቶን ፊቱን አጥቁሮ ነገረን። አዲስ አበባ ያለው ዋናው መሥሪያ ቤት የቦራ ቤንዚን አንገሽግሾታል። አንድ ሰው ይመጣል፣ መኪናዋን ያያል፤ ካልተሻሻለች ይዟት ይመለሳል። ምትክ የለም። «አውትሪቹስ?» አልኩ። «ይቆማላ» አለ ኃላፊው። ያን ዕለት ቤቴ ገብቼ እራት አልበላ አለኝ። እነዚያ ከገሱባ ማዶ ያሉ እናቶች ሕፃን አዝለው ሶዶ ድረስ በእግራቸው ሊመጡ ነው? አይመጡም። እኔ ያለ ቦራ ክሊኒክ ውስጥ የተቀመጥኩ መርፌ ወጊ ነኝ። ጋሽ አንጁሎ ደግሞ ማፏጨቱን አቆመ። ከዚያ በላይ የሚያስፈራ ነገር አልነበረም።

የመጣው ሰው አቶ ሰሎሞን ይባላል። እኛ የጠበቅነው ቦርጫም ባለ ቦርሳ ሹም ነበር፤ የመጣው ግን ቀጭን፣ ሱሪውን በደንብ የተኮሰ፣ ፈገግታው ቅርብ የሆነ ወጣት ነው። ሰላም ብሎን ሻይ እንኳ ሳይጠጣ ኮቱን አውልቆ፣ እጅጌውን ሰብስቦ ቦራ ሥር ገባ። ጋሽ አንጁሎ ዐይኑን ማመን አቃተው። «ይሄ ሰውዬ ሊወስዳት ነው ወይስ ሊያድናት?» አለኝ በጆሮዬ። አቶ ሰሎሞን ከሥር ሆኖ ሰማው። «መጀመሪያ እንሞክራታ፣ ጋሽ አንጁሎ! እኔም መኪና መውሰድ አያስደስተኝም» አለ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ወደድነው።

ያ ቀን የሥራ ሳይሆን የሠርግ ዋዜማ ይመስል ነበር። የአየር ፊልትሮውን አውጥተን መሬት ላይ ብንመታው የዲምቱ አቧራ፣ የቢጠና አቧራ፣ የማናውቀው አገር አቧራ ወረደ፤ ሦስታችንም ነጭ ሆነን ወጣን። ካርቡራቶሩ ተፈታ፣ ታጠበ፣ ተስተካከለ። ጎሚስታ ቤት ወስደን ጎማዎቹን በልካቸው ነፋናቸው፤ ለካ ለዓመታት ግማሽ ንፋስ ይዘን ነው የምንዞረው። አቶ ሰሎሞን የፊቱን ጎማ ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘውን ሎክ ሲከፍት ጋሽ አንጁሎ አጠገቡ ቆሞ እንደ አስታማሚ ይጨነቃል። «ጭቃ ሲመጣ መልሰው ይዘጉታል፤ አሁን በደረቁ ላይ ምን ያደርጋል?» አለው። ጋሽ አንጁሎ አንገቱን ነቀነቀ፣ እሺ አለ። ፖርቶመጋላው ሲወርድ ከነአልጋው ወረደ፤ አልጋውን አንዲት ጎረቤት መጥታ «የኔ ነው!» ብላ ወሰደችው። ወይ ጉድ! ስንት ዘመን በራሳችን ላይ ተሸክመንላት!

ሁሉም አለቀና አቶ ሰሎሞን እጁን እየጠረገ፣ «አሁን የመጨረሻው ነገር፤ ስትቆሙ ሞተር ማጥፋት» አለ። ጋሽ አንጁሎ ከዚያ በፊት ሁሉን እሺ ያለ ሰውዬ ወይ ፍንክች አለ።

«እሱ አይሆንም።»

«ለምን? ሞተሪኖው ደካማ ነው? ማስነሣት ያቅተዋል?»

«ሞተሪኖው ደህና ነው። አቶ ሰሎሞን፣ እርስዎ የዚህን አገር ነገር አያውቁም። እዚህ ሰው ደጅ ቆመው ሞተር ካጠፉ ምን ማለት ነው? መጣሁ ማለት ነው! ልገባ ነው ማለት ነው! ሞተሩ እየሠራ ከሆነ ግን ‹ይቅርታ፣ እቸኩላለሁ› ማለት ነው። ማንም አይቀየምም። አጥፍቶ አልገባም ያለ ሰው ግን፣ ኧረ አያድርስ!»

አቶ ሰሎሞን ወደ እኔ ዞረ። እኔም «እውነቱን ነው» አልኩ። እውነቱን ነበር። በመንገዳችን ላይ ያለ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል፤ የሚያንጎራጉር መኪና ግቡ አይባልም። አቶ ሰሎሞንም «እንግዲህ ነገ እንሞክረው። ታንኩን ጢም አድርገን ሞልተን ገሱባ ደርሰን እንመለሳለን፣ ማታ መልሰን ጢም እናደርገዋለን። የገባው ያው የጠጣችው ነው። እስከዚያ በቆምን ቁጥር ይጠፋል» አለ። «ግቡ ካሉንስ?» አለ ጋሽ አንጁሎ። «እንገባለን» አለ አቶ ሰሎሞን። አይ የሰው ልጅ! ያን ጊዜ የተናገረውን አያውቅም ነበር።

በማግስቱ በማለዳ ቁርሳችንን ደህና አድርገን በልተን ወጣን፤ ይህ የመጀመሪያው ስሕተታችን ነው። ቦራ ቀለል ብሏት ትበራለች። ጋሽ አንጁሎም «ዛሬ ወጣት ሆናለች» እያለ ያፏጫል። ከከተማ ወጥተን ብዙም ሳንሄድ መንገድ ዳር ሙዝ የምትሸጥ አንዲት የምናውቃት ሴት እጇን አነሣች። ቆምን። ጋሽ አንጁሎ ቁልፉን አዞረ። ዝም። ያ ዝምታ ራሱ አስደነገጠን። ሴትየዋ ሙዟን ጥላ ተነሣች። «ምነው፣ መኪናው ሞተ?» አለች። «አልሞተችም፣ አጥፍቻት ነው» አላት። ፊቷ በአንድ ጊዜ በራ። «ገሊቴ! ገሊቴ!» አለች፤ ግቡ ማለቷ ነው፤ ሙዙን ለጎረቤቷ ትታ ወደ ቤቷ ሮጠች። የተቀቀለ ቦይና በዳጣ ቀረበ። የወላይታ ዳጣ ደግሞ ለእንግዳ ብሎ አይራራም። አቶ ሰሎሞን አንድ ጊዜ ነክሮ ጎረሰና ዕንባው ዱብ ዱብ አለ። «እ... ጥሩ ነው» አለ እየታነቀ። ጥሩ ነው ስላለ ተጨመረለት።

ሁለተኛው ቤት የአስተማሪ ቤት ነው፤ ስኳር ድንችና ወተት። ሦስተኛው ቤት እርጎ። አራተኛው ላይ አቶ ሰሎሞን ሱሪው ጠበበው። «ሲስተር፣ ቤንዚኑን እየቆጠብን ነው፤ እኔ ግን ሳልሞት ገሱባ የምደርስ አይመስለኝም» አለኝ በሹክሹክታ። «አልገባም ይበሉ ታዲያ» አልኩት። «እንዴት ብዬ? ሞተሩ ጠፍቷል እኮ!» አለኝ። ባንድ ቀን የአገራችን ሰው ሆነ።

ቀጥሎ አቶ ጋጋ ደጅ ደረስን። አቶ ጋጋ ዱንጉዛቸውን፣ ያን ባለ መስመር የወላይታ ሸማ፣ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው በየሳምንቱ ከአጥራቸው ጥግ ሆነው የሚጠብቁን ሽማግሌ ናቸው። ከማንም በላይ ረጅም ሰላምታ የእሳቸው ነው፤ ከማንም በላይ ቤንዚን ያጠፋንባቸውም እሳቸው ነበሩ። ሞተሩ ሲጠፋ ዱላቸውን ወደ ሰማይ አነሡ። ያን ረጅም ሰላምታ ትተው የአጥሩን በር ወለል አድርገው ከፈቱት። ገባን። ገና ከመቀመጣችን ከጓዳ ሕፃን አለቀሰ። ጆሮዬን ቀና አደረግሁ። ቀጥሎ ሌላ ሕፃን አለቀሰ።

«አቶ ጋጋ፣ ማነው የሚያለቅሰው?»

«የልጄ ሚስት አራስ ናት። አምላክ ሁለት ሰጥቶናል» አሉኝ፣ ጥርሳቸው ሁሉ እየታየ። በእኛ አገር አራስ ወራቷን ሳትጨርስ ደጅ አትወጣም። ገንፎዋንና ቅቤዋን እየበላች ትከርምና፣ አምሮባት፣ በክብር ገበያ ትወጣለች። እኔ የምከትበው ደግሞ ገሱባ ገበያ አጠገብ ነው፤ የአራስ ቤት ሕፃን አይደርሰኝም። «ስንት ጊዜ አልፋችሁን ሄዳችሁ! በየሳምንቱ የመኪናችሁን ድምፅ ስንሰማ ልናስገባችሁ እንፈልጋለን» አሉ አቶ ጋጋ፤ «ግን ትቸኩላላችሁ። ለሥራ የሚቸኩል ሰው አይያዝም።» እሳቸው ይህን ሲሉ ቅሬታ የለባቸውም፤ ስለ እኛ ችኮላ በአክብሮት ነበር የሚናገሩት። እኔም ወዲያው ሣጥኔን አስመጣሁ። አራሷ ፊቷ የቅቤ ወዝ ጠግቦ፣ እያፈረች፣ መንትዮቿን አንድ በአንድ ሰጠችን። አንዱን እኔ ያዝኩ፤ ሌላውን ማን ይያዝ? ጋሽ አንጁሎ መርፌ አያይም፣ ውጭ ሸሽቷል። አቶ ሰሎሞን ያዘው። ልጁ ሲወጋ ጮኸ፣ በተተኮሰው ሱሪ ላይ ሸናበት። አቶ ሰሎሞን ደግሞ የልጁን ጭንቅላት እየደባበሰ «አይዞህ፣ አይዞህ ጀግናው» ይላል፣ የገዛ ዐይኑ ዕንባ አቅርሮ። ዳጣው እንዳይመስላችሁ።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ወጣ። ከአቶ ጋጋ ቤት ስንወጣ ጎረቤቱ አጥሩ ላይ ቆሞ «እኛም ጋ አራስ አለች» አለ። ከዚያ ወዲያ ማዶም አለች። ቤት ለቤት በእግራችን ዞርን፤ ቦራ እዚያው አጥር ሥር ጸጥ ብላ ጥላ ይዛ ዋለች። ያን ቀን ከየጓዳው ያወጣኋቸው ሕፃናት፣ እውነቴን ነው፣ በሳምንት ገበያው ላይ ከማገኛቸው ይበልጡ ነበር። ደስታዬን ምን ብዬ ልንገራችሁ? ከቤት ቤት እየሮጥኩ እስቃለሁ። ገሱባ የደረስነው ቀኑ ካጋደለ በኋላ ነው። ስንመለስ አቶ ጋጋ ሙዝና ጆንያ ይዘው መንገድ ላይ ጠበቁን። ጋሽ አንጁሎ ወርዶ እግራቸው ላይ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። «አባቴ፣ ዛሬ ብቻ! ክብደት አይጫንም፣ መኪናዋን ሊወስዱብን ነው» አላቸው። አቶ ጋጋ አቶ ሰሎሞንን ከላይ እስከ ታች አዩትና ሆዱ ላይ ሲደርሱ ሣቁ። «ግድ የለም፤ እሱ ላይ በደንብ ጭነናል» አሉ።

ሶዶ ስንገባ ፀሐይ ከዳሞታ ተራራ ጀርባ ልትገባ ነበር። ማደያው ላይ ወርደን ታንኩን ከበብነው። ቀጂው ቱቦውን ሰካ። እኔ የክትባት ሣጥኔን እንዳቀፍኩ ቀረሁ፤ አሁን ቤንዚኑ መግባቱን ሲያቆም ነው የኔ ሥራ መቀጠሉ የሚታወቀው። ገና ከመጀመሩ ቀጥ አለ። «ሞልቷል» አለ ቀጂው። «አልሞላም!» አለ ጋሽ አንጁሎ፤ «አየር ይዞ ነው፣ ይነቅነቅ!» ቦራን በሁለት ወገን ይዘን ነቀነቅናት፣ አቶ ሰሎሞንም ጭምር። ጥቂት ጨመረበት፣ ከአፉ ፈሰሰ። ሞልቷል። የገባው ቤንዚን ድሮ ከምትጠጣው ግማሹን እንኳ አይሞላም። ጋሽ አንጁሎ ኮፍያውን አውልቆ ወደ ላይ ወረወረው። ከዚያ አቶ ሰሎሞንን ወገቡን ይዞ ከመሬት አነሣው፣ ያን ሁሉ ምግብ የበላውን ሰውዬ! «ቀስ፣ ቀስ ጋሽ አንጁሎ፣ እንዳታስመልሱኝ!» ይላል።

ሲያወርደው ሸሚዙን አስተካከለና ወደ እኔ ዞረ። «ሲስተር፣ መኪናዋ ትቆያለች። አዲስ አበባም የምለው ይህንኑ ነው» አለ። እኔ እግዜር ይስጥልኝ ልል አፌን ስከፍት ቀደመኝ። «የምትቆጥቡትን ቤንዚን ግን መልሱልን አልልም። ከአቶ ጋጋ ማዶ ያለውን መንገድ አይቼዋለሁ፤ ቢጠናም ዲምቱም እንደዚያው ይሆናል። በሱ ሂዱበት። ገና ብዙ ቤት አለ።»

አለቀስኩ፣ ምን ይደበቃል። ማደያው መሀል ሣጥኔን አቅፌ አለቀስኩ። ጋሽ አንጁሎም ዐይኑን በእጅጌው ጠረገ፣ ኮፍያውን ከመሬት አንሥቶ አቧራውን አራገፈና መልሶ አጠለቀው። ነገ የቢጠና ቀን ነበር። ቦራ ውስጥ ገብቶ መሪውን ጨብጦ መንገዱን ሁሉ፣ ቤቱን ሁሉ በልቡ ሲቆጥር ታየኝ። ከዚያ ዞር ብሎ አየኝ።

«ሲስተር፣ ነገ ቁርስ ሳትበዪ ነይ።»